የጋሽ እሾሁ ፉጨት

እኔ ድምፅ ቀራጭ ነኝ። ከመስታወት ጀርባ ተቀምጬ ቁልፍ ስነካካና «አልሆነም፣ ድገመው» ስል ሃያ ስድስት ዓመት ሞላኝ። ስለዚህ አንዱ ተነስቶ «ሰፈር ሙሉ እኮ ተፈጥሮው ነው፤ ዝም ብሎ ይመጣለታል» ሲል ደሜ ይፈላል። ዝም ብሎ የሚመጣ ነገር የለም! ሰውየው እያንዳንዱን ድምፅ ሲወልድ አብሬው ያማጥኩት እኔ ነኝ።

«ሰፈር ሙሉ» ብለን ስም ያወጣንለት እኛ የስቱዲዮው ሰዎች ነን። ብቻውን ይገባል። በሩን ዘግተን ቀዩን መብራት ስናበራ ግን ዳክዬው፣ ቀበሮዋና ባሏ፣ ጉማሬው ከንቲባ፣ ሦስቱ መንታ አይጦች፣ አንዲት ነገረኛ ዝይ፣ ምኑ ቅጡ፣ ሃያ ሰው ከአንድ ጉሮሮ ይወጣል። ልጅ ያላችሁ ሰዎች በካርቱን ሰምታችሁታል፤ ፊቱን ግን አታውቁትም። ዳቦ ሊገዛ ተሰልፎ ከፊቱ የቆመ ሕፃን የጉማሬውን ንግግር እየቀዳ ሲጫወት ይሰማል፤ እሱ እንደማንኛውም ሰው ተራውን ይጠብቃል። አንድ ቀን ብቻ አላስቻለውም። ልጁ አበላሽቶ ሲናገር ጎንበስ አለና «እንዲህ ነው እንጂ» ብሎ በጉማሬው ድምፅ አረመው። እናትየው ልጇን አንጠልጥላ ሌላ ዳቦ ቤት ሄደች።

ሥራ የጀመረው አውቶቡስ መናኸሪያ ነው። በድምፅ ማጉያ የመነሻ ሰዓት የሚናገር ሠራተኛ ነበር። ቀኑን ሙሉ «ቁጥር አራት ሊነሳ ነው፣ ቁጥር ሰባት ዘግይቷል» ማለት ሰለቸው። እናም ቁጥር አራትን በራሱ በሾፌሩ ድምፅ መጥራት ጀመረ፤ ሾፌሩ ጉንፋን የማይለቀው ሰው ነበርና እያስነጠሰ። ሁልጊዜ የምትዘገየውን ቁጥር ሰባትን ደግሞ ሙሽራ አደረጋት። «እባካችሁ ታገሱኝ፣ አንዱ ጫማዬ ጠፍቶብኝ ነው» ስትል መናኸሪያው በሳቅ ይፈርሳል። ችግሩ፣ ተሳፋሪው ቆሞ ሲስቅ አውቶቡሱ ጥሎት ይሄዳል። አንድ ቀን እንዲህ ሲስቁ ስድስት ሰዎች ቀሩ፤ የመናኸሪያው ኃላፊም በዚያው ቀን ጓዙን አስጠቀለለው።

ከስድስቱ አንዱ የኛ አለቃ ነበር። ያኔ የካርቱን ስቱዲዮውን ገና መክፈቱ ነው። ሻንጣውን እንዳንጠለጠለ በሩ ላይ ጠብቆ «ያቺ ጫማዋ የጠፋባት ሙሽራ አንተ ነህ?» አለው።

«ነኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ የኛ ሰው፣ ሊመታው መስሎት።

«ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ናልኝ። እንዳትዘገይ ብቻ።»

አለቃ ከዚያ ቀን ወዲህ ምንም ነገር እንዳያመልጠው በየደቂቃው የእጅ ሰዓቱን ያያል። ከጀርባው «ሰዓቱ» ነው የምንለው። ፊት ለፊት ግን «አለቃ» እንለዋለን፤ ሥራችንን እንወዳለንና።

አሁን አሠራሩን ልንገራችሁ። ሰፈር ሙሉ ከእጁ የማትለይ የብስኩት ቆርቆሮ አለችው። ከፍቶ ላያት ሰው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ትመስላለች። የልብስ መቆንጠጫውን አውጥቶ አፍንጫው ላይ ሲሰካ ዳክዬው ይመጣል። ሁለት ጉንጩን በጥጥ ሲወጥር ጉማሬው ከንቲባ ይሆናል። ዝይዋን ሊሆን ሲፈልግ የሻይ ማንኪያ ይነክሳል። የዝይዋ ድምፅ መነሻው የሚስቱ እናት ናቸው፤ ይህን በድፍረት የማወራው ሴትየዋ ካርቱን ስለማያዩ ብቻ ነው። ለቀበሮዋ ደግሞ ግራ ጫማውን ያወልቃል። ለምን እንደሆነ እሱም አያውቅም። አንድ ቀን ሁለቱንም ጫማ አድርጎ ቢሞክራት ቀበሮዋ እንደ ፍየል ጮኸች።

ቀበሮዋና ባሏ የተጣሉ ቀን የሆነውንማ ተዉት። በኛ ሥራ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የአንዱን ገጸ ባሕርይ ድምፅ ትቀርጻለህ፣ ቀጥሎ የሌላውን፣ ከዚያ ታያይዘዋለህ። እሱ እምቢ አለ። «ጥል በየተራ አይሆንም» አለኝ። በአንድ እግር ጫማ ቆሞ፣ አንገቱን ወዲህና ወዲያ እያዞረ ራሱን ሰደበ፣ ለራሱ መለሰ፣ አለቀሰ፣ ሰሃን ሰበረ። ዘበኛው ከውጭ ሰምቶ ኖሮ ዱላውን ይዞ በሩን በረገደው። «የታለች ሴትዮዋ? ገደላት እኮ!» እያለ ጠረጴዛ ሥር ሁሉ ፈለገ። እስከ ዛሬ በመስኮት ሾልካ ወጥታለች ባይ ነው።

ሃያው ድምፅ ሁሉ እንዲህ ከሰው የተለቀመ ነው። ከአንዱ በስተቀር። ያንን ለመናገር ስለ ጥርሱ ማውራት አለብኝ።

ሰፈር ሙሉ ከላይኞቹ የፊት ጥርሶቹ አንዱ የለውም። በጎረምሳነቱ፣ ዛሬ ሚስቱ በሆነችው ልጅ ፊት ጀብድ ልሥራ ብሎ የለስላሳ ጠርሙስ በጥርሱ ሊከፍት ሞከረ። ቆርኪው ሳይነቃነቅ ጥርሱ ወለቀ። ልጅቷ እስኪያማት ሳቀች። «ጥርሴ ሄደች፣ ልጅቷ ቀረች፤ ምን ጎደለብኝ?» ይላል ሲያወራው። የጎደለውስ ለኔ ነው! በዚያች ክፍተት «ሰ» ወይም «ሸ» በወጣ ቁጥር ቀጭን ፉጨት አብራ ትወጣለች። ዳክዬ አያፏጭም። ከንቲባም አያፏጭም። ስለዚህ ለነሱ ሁሉ ማይክሮፎኑን ከአፉ ወደ ጎን አጣምሜ ፉጨቷ ሳትነካው እንድታልፍ አደርግ ነበር፤ ስንት ዓመት በዚች ፉጨት ተቃጠልኩ መሰላችሁ።

አንድ ልጅ አለቻቸው። ስምንት ዓመቷ ሳለ ትምህርት ቤቷ ወላጆችን ጠርቶ ኖሮ፣ አባትየው ለክፍሉ ተረት ሊያነብ ሄደ። አፉን ሲከፍት አንዱ ዋልጌ «የአባትሽ አፍ በሩ ተገንጥሏል!» ብሎ ጮኸ፤ ክፍሉ በሳቅ አወካ። ልጅቷ ቤት ደርሳ መኝታ ክፍሏን ከውስጥ ቆለፈች። እናት ለመነች፣ አያት ተቆጡ፣ ወይ ፍንክች። አባት ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በሩ ሥር ተንበረከከ። ሦስት ጊዜ አንኳኳ። የታጠፈ ወረቀት በበሩ ሥር አሾለከና፣ እስከዚያን ቀን አውጥቶት በማያውቀው ድምፅ፣ ፉጨቱን ሳይደብቅ እንዲያውም አብዝቶ፣ እንደ አንድ ሽማግሌ ፖስተኛ «ደብዳቤሽ ደርሷል! እሾሄን ሳትነኪ ውሰጂ!» አላት። ወረቀቱ ላይ የፊት ጥርሱ የጎደለ ጃርት የፖስታ ቦርሳ አንግቶ ተስሏል።

ቆይቶ ወረቀቱ በበሩ ሥር ተመልሶ ወጣ፤ ጀርባው ላይ በእርሳስ «እሾህህ ያማል?» የሚል ተጽፎበታል።

«ለማያውቀኝ ብቻ ነው» አላት ፖስተኛው።

በሩ ተከፈተ።

በነጋታው ያንን ድምፅ ይዞልኝ መጣ። ማይክሮፎኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ አድርጌ አፉ ላይ ተከልኩት፤ ሰምቼ ስስቅ ሻዬን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። አለቃም ሰዓቱን ሳያይ እስከ መጨረሻው ሰማ። እንዲህ ሆኖ ፖስተኛው ጃርት፣ ጋሽ እሾሁ፣ ተወለደ። ሃያ ዓመት ደብዳቤ ሲያድል ኖረ። በየፕሮግራሙ መጀመሪያ በር አንኳኩቶ «ደብዳቤ ደርሷል! እሾሄን ሳትነኩ ውሰዱ!» ሲል ሕፃናቱ በየቤታቸው እጃቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ይዘረጋሉ።

ልጅቷ አደገች፤ ያቺን ቀን ግን አልረሳችም። ሰባት ዓመት ተምራ ጥርስ ሐኪም ሆነች፤ የልጆች ጥርስ ክሊኒክ ከጓደኛዋ ጋር ከፈተች። «የመጀመሪያው ታካሚዬ አባዬ ነው!» ብላ ፎከረች። በዓመት ሁለት ወር ቀረጻ እናቆማለን፤ በዚያ መሀል አባቷን ወንበሯ ላይ አስተኛችውና ከሁለቱ ጎረቤት ጥርሶች ጋር ከኋላ በኩል አጣብቃ አንድ አዲስ ጥርስ ተከለችለት። ያበራል! ከሕክምናው በፊትና በኋላ ያነሳቻቸውን ሁለት ፎቶግራፎች አሳድጋ መጠበቂያ ክፍሏ ግድግዳ ላይ ሰቀለች። ከአንዱ ሥር «በፊት»፣ ከሌላው ሥር «በኋላ» ይላል። የመጣው ሁሉ «ማነው?» ሲላት «አባቴ ነዋ!» ትላለች፤ ደስታዋን ብታዩ።

እኔም «አማረብህ፤ አሥር ዓመት ቀነስክ!» አልኩት። በሆዴማ «ተመስገን፣ ከእንግዲህ ማይክሮፎን ማጣመም ቀረልኝ» ብዬ ተደስቻለሁ። ጅል! ከድምፅ ጋር ያረጀሁ ሴትዮ ጆሮዬን የት ጥዬው እንደነበር እንጃ። እሱም ያው ነው። ሃያ ድምፅ በፈለገው ሰዓት ጎትቶ የሚያወጣ ሰው፣ ያቺም ፉጨት እንደሌላው ከቆርቆሮዋ የምትገኝ መስላው ነበር።

ዕረፍቱ አልቆ ሰኞ ጠዋት ተገናኘን። ጉሮሮውን ጠራረገ፣ በሩን አንኳኳ። «ደብዳቤ ደርሷል! እሾሄን ሳትነኩ ውሰዱ!»

ልስልስ ያለ ድምፅ ወጣ። ዜና አንባቢ ይመስላል።

በመስታወቱ ተያየን። «ድገመው» አልኩት። ደገመው። ሦስተኛም አራተኛም አስደገምኩት። አምስተኛው ላይ ምላሱን ቀስ አድርጎ ወደ አዲሱ ጥርስ ሲሰድ አየሁት። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ተዘግቷል» አለኝ።

ያላደረግነው ነገር የለም። የክብሪት እንጨት ነከሰ፣ በገለባ ተናገረ፣ ምላሱን አጣጠፈ። የኳስ ዳኛ ፊሽካ ገዝቼ አመጣሁ፤ ጋሽ እሾሁ ደብዳቤ ማደሉን ትቶ ቅጣት ምት የሚሰጥ ሆነ። መጨረሻ ላይ እሱ ሲናገር እኔ ከጎኑ ቆሜ በአፌ ማፏጨት ጀመርኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ! የኔ ፉጨት ግን ወይ ከቃሉ ትቀድማለች ወይ ትዘገያለች። እንዲያም ሆኖ ፕሮግራሙ በየሳምንቱ መተላለፍ አለበት፤ በዚያው ተላለፈ። ሕፃናትን ማታለል ቀላል የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። በሳምንቱ ደብዳቤ ጎረፈ። «ጋሽ እሾሁ ታሟል ወይ?» «ጋሽ እሾሁን ማን ወሰደው?» አንዷማ የሳል ሽሮፕ በፖስታ ልካለት፣ ፈስሶ ደብዳቤዎቹን ሁሉ አጣበቃቸው።

«ለልጅህ ንገራትና ታውጣው!» አልኩት።

«እጇን ያሟሸችው እኮ በኔ ነው! ፎቶዬን ግድግዳ ላይ ሰቅላ፣ አላፊ አግዳሚውን ‹አባቴ ነው› የምትል ልጅ፣ ሄጄ ‹ንቀይው› ልበላት?»

«እንግዲያው ሌላ ሐኪም ያውጣልህ።»

«ከዚያስ? እሁድ እሁድ ምሳ ስንበላ አፌን በእጄ ሸፍኜ ልጎርስ ነው?» አለና ጣቱን ቀሰረብኝ። «ትንፍሽ እንዳትዪ። በሰማይ በምድር ይዤሻለሁ!»

እኔን አፍ አስይዞ እሱ በየእሁዱ ከልጁ ፊት ተቀምጦ አዲሱን ጥርሱን እያሳየ ይስቃል። እኔ ብሆን ኖሮ ገና ሾርባው ሳይቀርብ ዘርግፌው ነበር።

በስድስተኛው ሳምንት አለቃ ጠራን። ሰዓቱን ሁለቴ አየ፤ የሚከብደውን ነገር ሊናገር ሲል እንዲህ ነው።

«ዳክዬው ያንተ ነው። ከንቲባውም፣ ቀበሮዎቹም፣ ዝይዋም። ማንም አይነካብህም» አለው። «ጋሽ እሾሁን ግን ሐሙስ ሌላ ሰው እፈልግለታለሁ። እስከ ስድስት ሰዓት ፉጨቱን ይዘህልኝ ከመጣህ ሰዎቹን እመልሳለሁ። አንተንም አከብርሃለሁ፤ ልጆቹ ግን እያለቀሱ ነው።»

እውነት ነው። ወደ ክፍሌ ተመልሰን ቆርቆሮዋን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «ሌሎቹን ተከራይቻቸው ነው» አለኝ። «ዳክዬው የጎረቤቴ ነው፣ ከንቲባው የድሮ ኃላፊዬ ነው። እሱ ብቻ ነበር የኔ።» ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አላፍርበትም።

ማስታወቂያው በሩ ላይ ተለጠፈ፤ «ሲናገር የሚያፏጭ ሰው ይፈለጋል፤ ፍንጭት ያላቸው ይበረታታሉ» ይላል።

ረቡዕ ዕለት ክሊኒኩ ውስጥ የሆነውን በኋላ የሰፈር ሙሉ ልጅ ራሷ ነግራኛለች። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ የመንጋጋ ጥርሷን ልትታይ መጥታ፣ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን ጋሽ እሾሁን ሊጀምር ነውና «ሳላይ አልገባም» ብላ እግሯን ተከለች። ዶክተሯም እሺ ብላ አብራት ቆመች። ሥራ በዝቶባት ፕሮግራሙን ካየች ወራት አልፏት ነበር። ጋሽ እሾሁ በሩን አንኳኳ፤ ተናገረ፤ የኔም ፉጨት ዘግይታ ደረሰች።

«ይሄ ጋሽ እሾሁ አይደለም» አለች ሕፃኗ።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ጋሽ እሾሁ እንዲህ አይልማ! እንዲህ ነው የሚለው።» ወንበር ላይ ወጥታ ቆመች። ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ በቅርቡ ወልቀዋል። በዚያ ክፍተት «ደብዳቤ ደርሷል! እሾሄን ሳትነኩ ውሰዱ!» ብትል፣ የድሮዋ ፉጨት ቁልጭ ብላ ወጣች።

ዶክተሯ ሕፃኗን አየች፤ ባዶውን ድዷን አየች። ከዚያ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ወዳሉት ሁለት ፎቶግራፎች ሄደ። የታካሚዎች መጠበቂያ ወንበር ላይ ዘጭ አለች።

«ዶክተር፣ አመመሽ እንዴ?» አለቻት ሕፃኗ።

ሐሙስ ጠዋት የስቱዲዮው ኮሪደር ፍንጭት ባላቸው ሰዎች ጢም ብሎ ሞላ። እንዲህ ያለ የፈገግታ ሰልፍ አይቼ አላውቅም። ልጅየዋ የሐኪም ቦርሳዋን ይዛ ከች ስትል ዳኛ መስላቸው ሁሉም በአንዴ ጥርሳቸውን አሳዩአት። ሙያ ነውና አላስቻላትም፤ «አንቺ ደህና ነሽ፣ እርስዎ ድድዎን ይታዩ፣ አንተ ሲጋራ ተው» እያለች አልፋ ገባች።

አባቷ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጦ ነበር። ሲያያት መቆንጠጫውን አፍንጫው ላይ ሰካና በዳክዬው ድምፅ «ዛሬ ክሊኒክ የለም እንዴ፣ ዶክተር?» አላት።

«አውልቀው፣ አባዬ።»

አወለቀና ጥጡን ወደ ጉንጩ ወሰደ። «ክብርት ዶክተር፣ በከተማችን ስም እንኳን ደህና...»

«በራስህ ድምፅ!»

ጥጡን አስቀመጠ። ማይክሮፎኑን መዝጋት ነበረብኝ፤ የሰው ቤት ጉዳይ ነው። አልዘጋሁትም፤ እንደፈለጋችሁ ታዘቡኝ።

«ስንት ጊዜ ሆነ?» አለችው።

«ስድስት ሳምንት።»

«ስድስት እሁድ! ከፊቴ ተቀምጠህ እየሳቅክ!»

«ደስ ብሎሽ ነበራ፣ ልጄ።»

«እኔ ደስ ያለኝ አንተን ደስ ያለህ መስሎኝ ነው!» አለችው። «ሰባት ዓመት ስማር አንድ ቀን እንኳ ‹አባዬ፣ ትፈልገዋለህ ወይ?› ብዬ አልጠየቅኩህም። እኔ ላስተካክል የፈለግኩት አንተን አልነበረም። ያን ቀን አፍሬብሃለሁ፤ እሱን ነው ላጠፋ የፈለግኩት።»

ሰፈር ሙሉ ተነስቶ ፊቷን በሁለት እጁ ያዘ። «የኔ እናት፣ ያን ቀን እኮ በሩን ከፈትሽልኝ። አለቀ። ከዚያ ወዲህ ያቺን ጥርስ አስቤያት አላውቅም።»

ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገችና «ተነስ» አለችው።

«ወዴት?»

«ቀጠሮ አለህ።»

አለቃ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን እያየ ነበር። «አራት ሰዓት ተኩል» አለ። እኔም ትንሿን መቅረጫ ማሽን አንስቼ ተከተልኳቸው፤ ማን ከልክሎኝ።

ክሊኒኩ ጥግ የብረት ዝርግ ሳህን፣ ነጭ መብራትና ያቺ የምትንጋለል ወንበር አሉ። አባቷ ተጋደመና አፉን ከፈተ። ልጅየዋ ጓንቷን አጠለቀች፣ መሣሪያውን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች።

«የመጀመሪያ ሥራዬ ናት» አለችኝ። «እንዴት ያማረች ሥራ ነበረች፣ አክስቴ።»

«አውቃለሁ» አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ? እውነትም ያማረች ነበረች።

ከዚያ ትንፋሿን ሰብሰብ አድርጋ ሥራዋን ጀመረች። ብዙም አልቆየ። አዲሷ ጥርስ ሳህኑ ላይ ጠቅ ብላ ወደቀች። አባቷ አፉን ተጉመጥምጦ ተፋ፣ ምላሱን ወደ ክፍተቷ ላከ። ልጅየዋ ጀርባዋን ሰጥታን እጇን ትታጠባለች፤ ውኃው ይወርዳል፣ ትታጠባለች። ዞራ ለማየት ፈርታለች። ባይመለስስ? ሥራዋም ፈርሶ፣ ፉጨቷም ባትኖርስ? እኔም በልማድ የመቅረጫውን ቁልፍ ተጫንኩ።

ሰፈር ሙሉ ጥርሷን ከሳህኑ አነሳ። ከአጠገቡ የወረቀት መሐረብ መዘዘና እንደ ፖስታ አጣጥፎ ጠቀለላት። የወንበሩን ክንድ ሦስት ጊዜ አንኳኳ።

«ደብዳቤሽ ደርሷል!»

ውኃው ቆመ።

«እሾሄን ሳትነኪ ውሰጂ!»

ፉጨቷ! ቃሉ መሀል፣ ልክ ቦታዋ ላይ፣ ሽማግሌና ቀበጥ ሆና ወጣች። ልጅየዋ ዞረች። እጇ ውኃ እያንጠባጠበ ወደ ወንበሩ መጣችና ወረቀቷን ተቀበለችው። ጨበጠቻት። ፊቷ የሃያ ስምንት ዓመት ሐኪም ፊት አልነበረም።

«እሾህህ ያማል?» አለችው።

«ለማያውቀኝ ብቻ ነው» አላት ጋሽ እሾሁ።

ከበሩ ውጭ አንድ ሕፃን «ጋሽ እሾሁ እዚህ ነው!» ብሎ ሲጮህ ሰማን፤ ከዚያ መጠበቂያ ክፍሉ በሙሉ በሩን ይደበድበው ጀመር። እኔ እዚያው ቆሜ እንባዬ መቅረጫው ላይ ይንጠባጠባል። ማሽን በውኃ እንደሚበላሽ ሃያ ስድስት ዓመት ለሰው ስናገር የኖርኩ ሴት።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ስቱዲዮ ደረስን። አለቃ አንድ ጊዜ ሰማና ሰዓቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተ። ከሰልፈኞቹም አንዷን ፍንጭታም ሴትዮ የጋሽ እሾሁ እህት አድርጎ ቀጠራት፤ ሲነጋገሩ ማይክሮፎኔ ጉድ ይሆናል። ልጅየዋ ለአባቷ የሚወልቅ ጥርስ ሠራችለት። ለሠርግና ለፎቶ ያደርጋታል፤ በተረፈ የብስኩት ቆርቆሮዋ ውስጥ ከመቆንጠጫውና ከማንኪያው ጋር ትኖራለች።

ባለፈው ሳምንት ክሊኒኩ ጎራ ብዬ ነበር። ሁለቱ ፎቶግራፎች አሁንም ግድግዳው ላይ ናቸው፤ ቦታ ብቻ ተለዋውጠዋል። አዲሱ ጥርስ ያለበት ፎቶ «በፊት» ከሚለው በላይ ነው። ጥርሱ የጎደለው፣ እስከ ጆሮው የሚስቀው፣ «በኋላ» ከሚለው በላይ። አንዲት እናት ቆማ ስታያቸው ቆየችና «ዶክተር፣ እነዚህ ፎቶዎች ተገላብጠው ተሰቅለዋል መሰለኝ» አለቻት።

«ኧረ ልክ ናቸው» አለቻትና ቀጣዩን ልጅ ጠራች።